ያለ ሬሳ የተነፋ ጥሩምባ

ላጲሶ ጥሩምባውን የሚነፋው አውሮፕላን ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ደንብ ማንም አላወጣለትም፤ ራሱ ከልምድ ያገኘው ነው። ሰፈሩ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር በስተምሥራቅ፣ ወደ ገርጂ ማሳዎች በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ፣ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የቆርቆሮው ጣራ ይንቀጠቀጣል፣ የተጀመረ ወሬ መሀል ላይ ይቆማል። ሰው ሞቶ ጥሩምባ ሲነፋ አውሮፕላን ከመጣበት፣ ግማሹ ሰፈር "አቶ" የሚለውን ሰምቶ ስሙን ሳይሰማ ይቀራል። ከዚያ ማን እንደሞተ ለማወቅ የሚነሣው ትርምስ ከሞቱ ይብሳል። ስለዚህ ላጲሶ መጀመሪያ ወደ ሰማይ ቀና ይላል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ ከዚያ ይነፋል።

በቀን ሥራው ጫማ ሰፊ ነው። ከከምባታ ከመጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። አስፋልቱ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቁ ውስጥ፣ ከተሰፉትና ካልተሰፉት ጫማዎች በላይ፣ የኅብረት እድር ጥሩምባ ተሰቅሎ ይታያል። ለስምንት ዓመት ያ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ሊጥ የነካ እጁን ሳይታጠብ፣ ነጠላውን እየጎተተ ይወጣ ነበር። ሐዘን የደረሰበት ሰው የሚያንኳኳው የላጲሶን በር ብቻ ነው፤ የቀረውን ጥሩምባው ይጨርሰዋል። ላጲሶ በዚህ ይኮራል። ጫማ ሲሰፋ ቀና ብሎ የሚያየው የለም፤ ጥሩምባ ሲነፋ ግን መቶ አርባ ቤት ይነሣል።

ይህ ሁሉ ግን አንቀጽ አሥራ ሰባት ከመገኘቱ በፊት ነው።

አንቀጽ አሥራ ሰባትን ያገኙት የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ገሰሰ ናቸው። አንቀጹ ድሮም ነበር፤ የሚያስታውሰው ሰው አልነበረም እንጂ። የተጻፈውም አንድ አባል ለዘመድ ጥየቃ ናዝሬት ሄዶ እዚያው በመሞቱ ነው። አስከሬኑን ለማምጣት መኪና መከራየት አስፈለገ፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚወስነው ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ጉባኤው እስኪሰበሰብ ሟች ባዕድ አገር ሊቀበር ሆነ። ከዚያ ጭንቅ በኋላ እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፦ "አስቸኳይ ችግር ሲያጋጥም፣ ጥሩምባ ተነፍቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተገኙት አባላት የሚወስኑት እንደ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ይጸናል።" ደግ አንቀጽ ነበረች፤ ማንንም አልጎዳችም፤ ለዘጠኝ ዓመት ዝም ብላ ተኝታ ኖረች።

አቶ ገሰሰ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ከወዲሁ መናገር ይገባል፤ ኋላ የሚመጣው ነገር ክፉ ሊያስመስላቸው ይችላልና። ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል በጡረታ የወጡ፣ ሱሪያቸው ሳይተኮስ ከበራቸው የማይወጡ፣ ረጅም ንግግር ሲሰሙ ራሳቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ዘመኑም አልረዳቸውም። ማታ ሬዲዮ ሲከፈት አዋጅ ነው፤ ትናንት የአቶ እገሌ የነበረው ቤት ዛሬ የመንግሥት ነው፤ "እስኪ ቁጭ ብለን እንነጋገርበት" ያለ ሰው የለም። አቶ ገሰሰ ይህን ሲሰሙ ሰንብተው፣ መቶ አርባ ሰው ስለ ድንኳን ገመድ እስኪስማማ ግማሽ ቀን መቀመጥ ኋላ ቀርነት መስሎ ታያቸው።

እናም አንድ ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ላጲሶን "ንፋ" አሉት።

"ማን ሞተ ጋሼ?"

"ማንም አልሞተም። አስቸኳይ ጉዳይ አለ።"

ነፋ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው መጣ። ከአሥራ አንዱ ስድስቱ መጀመሪያውኑ አቶ ገሰሰ በር ላይ ዳማ ሲጫወቱ የነበሩ ጡረተኞች ናቸው። ሌላው ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ወይም ቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ይዟል። አሥራ አንዱ ሰዎች እጃቸውን አወጡ፤ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለ እግር ኳስ ማውራት ተከለከለ። አቶ ገሰሰ ሰዓታቸውን አዩ። ሰባት ደቂቃ ነበር የፈጀው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ላጲሶ አሥራ አራት ጊዜ ያለ ሬሳ ነፋ። ንፍሮ በሁለት እጅ መዝገን ተከለከለ። የድንኳን ወንበር ቁጥር ተጻፈበት፤ ቁጥሩን ያልጠበቀ ተቀማጭ እንዲነሣ ተደነገገ። የጥርና የሐምሌ መደበኛ ጉባኤዎች "የሚወሰን ነገር ስላልተረፈ" ተዘለሉ። ሰዉ ሣቀ፤ ዳማ ተጫዋቾቹን "ሸንጎ" ብሎ ስም አወጣላቸውና ዝም አለ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ላጲሶ ግን አልሣቀም። በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ላይ ነው ያየው፦ ጥሩምባውን ሲነፋ አንዲት ሴት ከበሯ አንገቷን ብቅ አደረገች፣ አየችው፣ "ኤዲያ" ብላ ተመለሰች። ያን ቀን ጥሩምባውን ወደ ሱቁ ሲወስድ ከብዶት ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ሐሙስ ዕለት ደብሪቱ ወረቀት ይዛ ሱቁ መጣች። ደብሪቱ የአርባ ዓመት ሴት ናት፤ በቦሌ መንገድ ባለ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእናቷ ከእማማ የሻሽወርቅ ጋር ሁለቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። እማማ ወገባቸው ስለማይታዘዝላቸው ከግቢያቸው አይወጡም።

"ይኼን አየኸው?" አለችው።

አላየውም፤ ግን ያውቀዋል። ትናንት አንቀጽ ሠላሳ አንድ ጸድቋል፦ "ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ተነፍቶ ያልተገኘ፣ ተወካይም ያልላከ አባል ከእድሩ ይሰረዛል።" የጸደቀውም ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ደብሪቱ በዚያ ሰዓት የሆቴሉን አንሶላ ከማሽን እያወጣች ነበር። ስም መጥራት ከተጀመረ ወዲህ፣ ደንቡ የጸደቀበት ስብሰባ ራሱ ሦስተኛ ቀሪ ሆኖ ተመዘገበባት። የሌላው ቤት ሚስት ወይም አክስት እየላከ ስሙን አስጠርቷል፤ የእሷ ቤት ግን የሚላክ ሰው የለውም።

"ለራሴ አይደለም፤ እኔ መሬት ላይ ብወድቅም አልሰማው" አለች ደብሪቱ። "እናቴ ግን ከዚህች ዓለም የቀራት አንድ ነገር ነው፤ በወግ መቀበር። ወገቧ እስኪይዛት ድረስ አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ለቅሶ ሳትቀር ደርሳለች። ምን ብዬ ልንገራት? ድንኳን የለሽም፣ የሚሸከምሽ የለም ልበላት?"

ላጲሶ መርፌውን አስቀመጠ። "እኔ የታዘዝኩትን ነው የምነፋው" ሊል አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ሳይለው ዋጠው፤ ምክንያቱም አፈረ። እሷን ያስወጣት ጥሩምባ የተነፋው በእሱ ትንፋሽ ነው።

"የደንቡ ግልባጭ እኔ ጋ አለ" አለ። "ማታ ይዤ እመጣለሁ።"

እማማ የሻሽወርቅ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ፊደል የቆጠሩት ባለፈው ዓመት በመሠረተ ትምህርት ነው። የምስክር ወረቀታቸው ከባላቸው ፎቶግራፍ ጎን ተሰቅሏል፤ ትንሽ ከፍ ብሎ። ልጃቸው የነገሩን ጫፍ ሳትነግራቸው ሁሉንም ደርሰውበት ጠበቋቸው።

"ወዲህ በለው ወረቀቱን" አሉ ለላጲሶ።

"እማማ፣ ደብሪቱ ታንብበው፤ ቶሎ ያልቃል" አለ።

"ቶሎ እንዲያልቅ ማን ጠየቀህ? ገሰሰ ቶሎ ቶሎ ሲያነበው ነው እኮ ሁላችሁም ያላያችሁት።"

ጣታቸውን በፊደሎቹ ሥር እየጎተቱ ጀመሩ። "የ... ኅ... ብ... ረት..." ላጲሶ ግድግዳ ተደግፎ ሁለት ጊዜ አንቀላፋ። አንቀጽ አራት ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ቆመ። መነጽራቸውን አስተካክለው ከመጀመሪያው ደገሙት፦ ማንኛውም አባል ችግር ሲደርስበት የጥሩምባ ነፊውን በር አንኳኩቶ ማስነፋት ይችላል።

"ሊቀ መንበሩ ሲፈቅድ የሚል የታለ?" አሉ።

ደብሪቱ ጎንበስ ብላ አየች። የለም።

"መቼም ሰው ሊሞት ሲል ለሊቀ መንበር ማመልከቻ አያስገባም" አሉ እማማ። "ደብሪቱ እስከ እሑድ ድረስ አባል ናት። የተላከላት ወረቀት ላይ 'ከሰኞ ጀምሮ' ይላል። እሑድ ትነፋላታለህ።"

"እማማ፣ እኔ ዛሬ ከእንግዲህ ያለ ሬሳ አልነፋም ብዬ ምዬ ነበር።"

"አንድ ጊዜ ንፋና ከዚያ እንደማልክ ትኖራለህ" አሉት።

እሑድን የመረጡት ያለ ነገር አይደለም። እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነው፤ መቅረት አይቻልም። መቶ አርባውም ቤት እዚያ ይሆናል። ስድስት ሰዓት ላይ ስለ ምርት ዕድገት ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲነገራቸው የቆዩ ሰዎች፣ ሆዳቸው እየጮኸ፣ በሩን ሲወጡ፣ ላጲሶ ከአዳራሹ ማዶ ባለው ሜዳ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሞ ጠበቀ። አንድ አውሮፕላን አለፈ። ነፋ።

ሰዉ እንዳለ ወደ ሜዳው ዞረ። ጠመንጃ የያዘው የአብዮት ጥበቃ እንኳ መጣ፤ እሱም የእድሩ አባል ነው።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም" አለች ደብሪቱ፤ ከላጲሶ ጎን ወጥታ ቆመች።

ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ "በገሰሰ ስንቃጠል አንቺ ደግሞ ጀመርሽ?" ብሎ ጮኸ። አቶ ገሰሰ ከፊት ቆመው በመገረም ያዩዋታል።

"ልክ ነው፤ ተቆጡ!" አለች። "አሁን የተቆጣችሁትን ረቡዕ ረቡዕ መቆጣት ነበረባችሁ። እኔንም ይጨምራል። ይህ ጥሩምባ ሲነፋ ልባችሁ ይደነግጥ ነበር፤ አሁን 'ደግሞ ምን ሊከለክሉን ነው' ትላላችሁ። ነገ የእናንተ እናት ሞታ ሲነፋ 'የገሰሰ ስብሰባ ነው' ብሎ ሰው ቢቀርስ?"

የዳማዎቹ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ።

"እኔ የምለው ሁለት ነገር ነው። ጥሩምባ ያለ ሬሳ አይነፋ። ደንብ ደግሞ በጥሩምባ አይውጣ፤ አይሻሻል፤ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ተለጥፎ፣ ሰው አንብቦት፣ በጥርና በሐምሌ ጉባኤ ብቻ ይወሰን። ይህም አሁኑኑ፣ ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ይጽና።"

"ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ" ያለችው አቶ ገሰሰ ነገ ማለዳ አስነፍተው እንዳይሽሩት ፈርታ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ጸጋይ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር የሆነ፣ ቃል በቃል ጻፈው። "የሚደግፍ?" አለ። ሜዳው እጅ ብቻ ሆነ። አቶ ገሰሰ ዙሪያቸውን አይተው፣ ትንሽ ቆይተው፣ የእሳቸውንም አወጡ።

እልልታው ገና ሳይበርድ፣ ሲቲ ከመሀል ተነሣች። ሲቲ የወሎ ሴት ናት፤ ከደብሪቱ ቤት ፊት ለፊት ዘይትና ክብሪት ትሸጣለች። "አሁን ደግሞ ደብሪቱ ትመለስ! ያ ሠላሳ አንድ የሚሉት ይሰረዝ!" አለች። እጆች እንደገና ተነሡ።

ጸጋይ ግን እስክሪብቶውን አላነሣም። ወረቀቱን አየ፣ ደብሪቱን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

"አንቀጽ መሰረዝ ደንብ ማሻሻል ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ደግሞ በጥሩምባ ደንብ አይሻሻልም ብለናል። እስከ ጥር ድረስ አይቻልም።"

ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባቸው። የራሷን ጉዳይ አስቀድማ ቢሆን ኖሮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። መጀመሪያ በሩን ዘግታ ራሷ ውጭ ቀረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው፤ ጥድፊያን ለማስቆም ተጣድፋ።

"ተወው ባክህ፣ ጨምረው!" አለ የአብዮት ጥበቃው። "ማን ያያል?" አለ ሌላው። መቶ ሰው "ጨምረው!" ማለት ጀመረ። ላጲሶም ጮኸ፤ ከሁሉም በላይ ጮኸ።

"አይሆንም" አለች ደብሪቱ። "እኔ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ካስጣስኩት ነገ ማን ይጠብቀዋል?" ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ ቤቷ ሄደች። ላጲሶ ልቡ ተሰበረ። ተከትሏት ለመሄድ እንኳ ወኔ አጣ።

ማታ ሊያጽናና ሲሄድ ግን ያገኘው ለቅሶ አልነበረም። እማማ የሻሽወርቅ ትራስ ተደግፈው ሽንኩርት ይልጣሉ።

"ጉባኤው መቼ ነው አልክ?" አሉት።

"በጥር የመጀመሪያው እሑድ፣ እማማ።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "ሦስት ወር ከምናምን። እንግዲህ እስከዚያ አልሞትም" አሉ፤ ወፍጮ ቤት ወረፋ እንደያዘ ሰው ተረጋግተው።

ይህ ቃል በማግሥቱ ሰፈሩን አዳረሰው። ሰው መጀመሪያ ሣቀ፤ ከዚያ አሰበበት፤ ከዚያ ይመጣ ጀመር። ሲቲ ማርና ጥቁር አዝሙድ ይዛ መጣች። ጸጋይ የአስፋልት ብርድ እንዳይገባ የመስኮቱን ስንጥቅ በጋዜጣ ደፈነው። ሰው ከሥራ ሲመለስ በራቸው ላይ ቆም ብሎ "እማማ፣ አሉ?" ይላል። "አለሁ፤ ሂድ ራትህን ብላ" ይላሉ ከውስጥ።

ከሁሉም የባሰባቸው ግን አቶ ገሰሰ ናቸው። ሴትዮዋ ከጥር በፊት ቢሞቱ ያለ ድንኳን የሚቀበሩት በእሳቸው አንቀጽ ነው። እንቅልፍ አጡ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ፣ የተተኮሰ ሱሪያቸውን ለብሰው፣ ከቡልቡላ ገበሬዎች የገዙትን ወተት በጠርሙስ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"እንዴት አደሩ እማማ?"

"አልሞትኩም ገሰሰ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ወተቱን አስቀምጥና ተቀመጥ። ያን አንቀጽ ለምን እንዳወጣኸው አስረዳኝ፤ ጊዜ አለኝ።"

አቶ ገሰሰ ተቀመጡ። ለማስረዳት ሞከሩ። ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም፤ በማግሥቱ ተመለሱ፤ ከዚያ የዘወትር ሆነ። ላጲሶ ሱቁን ሊከፍት ሲያልፍ የእማማን ድምፅ ይሰማል፦ "ቆይ፣ ቆይ፤ አሁን ያልከውን ድገመው። የታመመ ሰው የሚልከው ቢያጣስ?" አቶ ገሰሰም "እሱን አላሰብኩትም" ይላሉ። በኅዳር አጋማሽ አቶ ገሰሰ ካወጧቸው አሥራ አራት ደንቦች አሥሩን ራሳቸው ጠልተዋቸዋል።

በታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ብርዱ ጠና። እማማ ሳል ያዛቸው፤ ሳሉ ወደ ደረት ወረደ። ከጤና ጣቢያ መርፌ ተወጉ፤ አልተሻላቸውም። ማታ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አቶ ገሰሰ ጫማቸውን ሳያስሩ ላጲሶ ሱቅ ደረሱ።

"ንፋው" አሉት።

"ጋሼ?"

"ንፋው ነው የምልህ! ሰው ይምጣና አንቀጹን እንሰርዘው። ሴትዮዋ ይህችን ሌሊት ላያልፉ ይችላሉ። ይህ ካልቸኮለ ምን ይቸኩላል?"

ላጲሶ ቀና ብሎ ጥሩምባውን አየ። እጁ ተነሥቶ ነበር። ይህ ደግሞ እንደ ኳሱና እንደ ንፍሮው አይደለም፤ እውነተኛ አስቸኳይ ነው። ማንም አይወቅሰውም። ሜዳ ላይ ከሁሉ በላይ "ጨምረው" ብሎ የጮኸው እሱ አይደለም?

"መጀመሪያ እንጠይቃቸው" አለ። ጥሩምባውን አውርዶ በብብቱ ይዞ አብረው ሄዱ።

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ደብሪቱ በላብ የራሰ ግንባራቸውን ትጠርጋለች። ላጲሶ ተንበርክኮ በጆሯቸው ነገራቸው።

"ጥሩምባው አንተ ጋ ነው?" አሉ፤ ድምፃቸው ከሳሉ በታች ሆኖ።

"እኔ ጋ ነው እማማ።"

"ወስደህ ስቀለው። እኔን ለመቅበር ብላችሁ እንዳታረክሱት።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ለእኔ አንድ ጊዜ ከተነፋ፣ ነገ ለሌላው 'ይህም እኮ እንደ የሻሽወርቅ ነው' ይባላል። ደግሞ ማን ልሞት ነው አላችሁ? አሥራ ስምንት ቀን ነው የቀረኝ። ገሰሰ፣ ጫማህን እሰር።"

አቶ ገሰሰ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አሰሩ። ቀና ሲሉም ፊታቸው በእንባ ርሶ ነበር፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም።

ያን ሌሊት አለፉት። ሲቲ የፍየል ሥጋ መረቅ በማንኪያ ስታጠጣቸው ሰነበተች፤ ደብሪቱ ከሆቴሉ ዐሥር ቀን ፈቃድ ወሰደች፤ የዳማዎቹ ጡረተኞች ተራ ገብተው ከሰል ያቀጣጥላሉ። ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቀ። አልጋ ላይ ሆነው "ስንት ቀረው?" ይሉ ነበር ለመጣ ሁሉ።

የጥር ጉባኤ ማስታወቂያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ በቀበሌው ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ስኳር የሚጠብቅ ሰው ሌላ የሚያነበው ስለሌለው፣ ደጋግሞ አነበበው፤ በእርሳስ አስተያየት የጻፈበትም ነበር። በእሑዱ ቀን ከመቶ አርባው አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ቤት ተገኘ። አቶ ገሰሰ አጀንዳውን አነበቡ፦ "የአንቀጽ ሠላሳ አንድ መሰረዝና የወይዘሮ ደብሪቱ አባልነት።" ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "አስተያየት ያለው?" ብለው ተቀመጡ።

አስተያየት የሌለው ሰው አልነበረም። አንዱ ተነሥቶ እማማ የሻሽወርቅ ልጁን እንዳዋለዱለት ተናገረ። ሌላው ደግሞ በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት በሰው ፊት እንደሰደቡት አነሣ፤ ስድቡ ይገባው እንደነበርና እንዳልነበር አሥራ አምስት ደቂቃ ተከራከሩ። በሽታ ያለበት ሰው ምን ያድርግ፣ ተረኛ ሠራተኛ ምን ያድርግ፣ በደብዳቤ መቅረት ይቻላል ወይ ተባለ። አንድ ሽማግሌ ስለ ጣልያን ጊዜ ጀምረው ሦስት ሰው ለምኗቸው ተቀመጡ። አቶ ገሰሰ ሰዓታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት። ላጲሶ ከኋላ ቆሞ፣ እግሩ እየደነዘዘ፣ በሕይወቱ እንዲህ ደስ ያለው አሰልቺ ነገር አላየም። እጅ ይውጣ ሲባል ያላወጣ አልነበረም፤ ስድቡን ያነሣው ሰውዬ ሁለቱንም እጁን አወጣ።

ላጲሶ ከሁሉም ቀድሞ ሮጠ። እማማ የሻሽወርቅን በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው።

"ተመለሳችሁ እማማ! ሠላሳ አንድ ተሰረዘ! አንድም ተቃዋሚ የለም!"

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህን ያወቁት ይመስላሉ። "ምነው ታዲያ እስከ አሁን ቆያችሁ?" አሉ። "ከጠዋት ጀምሬ ስጠብቅ።"

"ስለ እርስዎ ሲነጋገሩ ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጀ።"

"ሦስት ሰዓት?"

"ከሩብ።"

"ስለ እኔ?"

"ስለ እርስዎ እማማ።"

አሮጊቷ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ሲዳሩ አባታቸው በአንድ ጠዋት ነው የወሰነው። ባላቸው ወደ ከተማ እንሂድ ሲል ዕቃው ተጭኖ ነበር። የሚያከራዩት ሁለት ክፍል ቤታቸው በማታ ሬዲዮ ነው የሄደው፤ ወጡን ሳያወጡ ዜናው አልቆ ነበር። ይህን ሁሉ ለላጲሶ የነገሩት በሌላ ቀን ነው። በዚያን ሰዓት እንባቸው ብቻ በጉንጫቸው ሽብሽብ እየተጠማዘዘ ወረደ።

"ተቀመጥ" አሉት፤ ከጎናቸው ያለውን ዱካ በእጃቸው እየጠረጉ። "ማን ምን እንዳለ አንድ በአንድ ንገረኝ። የሰደብኩትንም ሰውዬ እንዳትዘል።"